የእናቴ ስለትና የልቤ ቫልቭ

መጀመሪያ የከዳኝ ወሬዬ ነው። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት፣ ከጊንጪ በላይ ያለውን ተራራ እየወጣን፣ ለታላቅ እህቴ ስለ ትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር አንድ ነገር እያወራኋት ነበር። ወሬው ግማሽ ላይ ሲደርስ አየር አለቀብኝ። ቆምኩ። ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ ጉሮሮዬን አለፈ፣ ደረቴ መሐል ላይ ግን ቆሞ ቀረ። ልቤ በአንገቴ በኩል የምትወጣ መሰለኝ። እህቴ ጥቂት ቀድማኝ ሄዳ ዞር አለችና «እሺ፣ ከዚያስ ምን አለ?» አለችኝ። እጄን ብቻ አወዛወዝኩላት።

ይህን የምጽፈው ትንፋሽ እያጠራቸው ምክንያቱን ከውፍረት፣ ከብርድ፣ ከሰው ዓይን ወይም ከኑሮ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። አምቦ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የማውቀው ያየሁትን፣ የተነገረኝንና ገላዬ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው። እሱንም ቁጭ ብሎ መጻፍ መከራ ሆኖብኛል፤ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ባለቤቴ ለሜሳ የጉደር ልጅ ነው፣ ሲበዛ ረጋ ያለ። «አንቺ ስትቀመጪ ወንበሩ ራሱ ይደነግጣል» ይለኛል።

ቤተሰባችን በየዓመቱ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ወደ ተራራው ሚካኤል ይሄዳል። ከአምቦ እስከ ጊንጪ በሚኒባስ፣ ከጊንጪ እስከ ጭልሞ ደን ወዲያኛው ጥግ በአይሱዙ፤ ከዚያ ወዲያ መኪና የለም። ሽማግሌዎቹ በቅሎ ይከራያሉ። ለራሳቸው ፈቅደው ቁርስ ቀማምሰው የሚወጡም አሉ። እኔ ግን አይፈቀድልኝም ነበር፤ የስለት ልጅ ነኝ። በልጅነቴ በጠና ስታመም እናቴ ለሚካኤል ተስላለች። ስለቷም «ልጄን ማርልኝ፣ በየዓመቱ በጾሟ፣ በገዛ እግሯ ደጅህ ትመጣለች» የሚል ነው። ምን ሆኜ እንደታመምኩ ጠይቄ አላውቅም። ድኛለሁ፣ ምን ልጠይቅ? ይልቅ ኮርቼበት ነው ያደግሁት። ዘመዶቼ አቀበቱ ላይ ሲያለከልኩ እኔ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ጧፌን አበራለሁ፣ የቅጽሩ በር ላይ ቆሜ «ምነው ዘገያችሁ?» እላለሁ።

በዚያ ዓመት የደረስኩት ባልቴቶቹ ከደረሱ በኋላ ነው። አጎቴ «የመምህር ደመወዝ ሲጨመር ሰው እንዲህ ይከብዳል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። መሳቁም አደከመኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የመቅበዝበዝ ወራት ናቸው። ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ ጠረጴዛ እደገፋለሁ። ገበያ ስሄድ ስልክ የሚደወልልኝ መስዬ መንገድ መሐል እቆማለሁ። በጀርባዬ ስጋደም ያስለኝ ጀመር። አንድ ትራስ ጨመርኩ፤ ሌላ ጨመርኩ፤ በመጨረሻ ግድግዳ ተደግፌ ማንቀላፋት ሆነ። ለሜሳ ትራሱን ሁሉ ስወስድበት ክንዱን ተንተርሶ ይተኛል። አንድም ቀን አላማረረም፤ አለማማረሩ ራሱ ያናድደኝ ነበር። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ደሜ ታየ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባልኩ። የታዘዘልኝን ዋጥኩ፣ ምንም አልቀነሰልኝም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፣ «አስም ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጠኝ። ልቤ ባሰባት። እናቴ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብላ በየጊዜው ጸበል ታመጣልኛለች። ጸበሉን እጠጣለሁ፣ መድኃኒቱን እነፋለሁ፣ ግድግዳውን እደገፋለሁ፤ ቤት ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየዞርኩ የምቀመጥበት ቦታ አጣለሁ።

በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም አየችኝ። በግራ ጎኔ አስተኝታ ማዳመጫዋን ከጡቴ ሥር አስቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በፊት ያዩኝ ሁሉ አዳምጠው ቶሎ ይነሡ ነበር፤ እሷ አልተነሣችም። «ምንድነው?» አልኳት። «ትንሽ ዝም በይልኝ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በር ላይ ቆማ መስቀሏን የምታሻሸውን እናቴን አየቻት።

«እማማ፣ ልጅ ሆና ጉሮሮዋን አሟት፣ ከዚያ ጉልበቷ ወይም ቁርጭምጭሚቷ አብጦባት ያውቃል?»

የእናቴ ፊት በራ። የምታውቀውን ጥያቄ በማግኘቷ ደስ አላት መሰለኝ። «ኧረ እንዴታ! ዛሬ ጉልበቷ ነው ስንል ነገ ክርኗ። ሽንት ቤት እንኳን አቅፌ ነበር የምወስዳት። ለሚካኤል የተሳልኩት እኮ ያኔ ነው! ብዙም ሳይቆይ ተነሥታ ሮጠች።»

ሐኪሟ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦ «ጉሮሮዋ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ነው። ሰውነቷ እሱን ሊዋጋ ሲነሣ የራሷን መገጣጠሚያና የራሷን ልብ አጠቃ። የመገጣጠሚያው እብጠት በራሱ ጊዜ ይጎድላል። ልብ ላይ ግን ጠባሳ ይቀራል።»

እናቴ «በራሱ ጊዜ» የሚለውን ሰማች። ሌላውን የሰማች አይመስለኝም። በባጃጅ ተመልሰን ከበራችን ስንደርስ «ሚካኤል ያዳናትን በራሱ ጊዜ ጎደለ ትላለች?» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለበሩ። የተሳለችበትና አሁን የሚገድለኝ ነገር አንድ መሆኑ ለእሷ ከስድብ አይለይም ነበር። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት አቀበቱን እየሮጥኩ የወጣሁት በታመመ ልብ መሆኑን ሳስበው ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ።

ልብን በስክሪን በሚያሳየው አልትራሳውንድ፣ በኢኮካርዲዮግራፊ ታየሁ። ሕመሙ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ከሳንባ የመጣው ደም ወደ ግራው የታች የልብ ክፍል የሚያልፍበት ማይትራል ቫልቭ የሚባል በር አለ፤ የእኔ ተጣብቆና ደርቆ በጣም ጠቧል። ደሙ ማለፍ ሲያቅተው ወደ ኋላ ሳንባ ውስጥ ይከማቻል፤ ትንፋሹም የሚያጥረው፣ ሲጋደሙ የሚያስለውም ለዚህ ነው። ሐኪሟ የሚያሸና ፉሮሰማይድ፣ የልብ ምት የሚያረጋጋ ሌላ ኪኒን፣ በየወሩ ደግሞ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ አዘዘችልኝ። ቫልቩ በደም ሥር በሚገባ ፊኛ እንዲከፈት ወደ አዲስ አበባ ጻፈችልኝ። «እስከዚያ አቀበት የለም። ጨው ቀንሺ። ኪኒኑን አንድ ቀን እንኳን እንዳታቋርጪ» አለች። ለሜሳ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ «ድንገት ቢያፍናት ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቃት። «እንዳታስተኛት። አስቀምጣት፣ እግሯን አንጠልጥለህ» አለችው።

ቀጠሮው ራቀ። በዚያ ሰሞን በነበረው ግርግር የአዲስ አበባው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ በማግስቱ ይዘጋል። ከተማው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ የሚኖርበት ጊዜ ነበር፤ ሱቅ ይከፈታል ሲባል ይዘጋል፣ ትምህርት አለ ሲባል የለም። እኔ ግን በመድኃኒቱ ተሻለኝ። ትራሶቹ ቀነሱ። ሰሌዳውን ሞልቼ መጻፍ ጀመርኩ። ሲሻለኝ ጊዜ ደግሞ የማልቻል ሆንኩ፤ አልጋ አነሣለሁ፣ ቁም ሣጥን እገፋለሁ።

ኅዳር መጣ። እናቴ «ሂጂ» አላለችኝም፤ «አትሂጂ»ም አላለችኝም። ምሳዋን ነው መተው የጀመረችው። አንድ ቀን ማዕዱን ገፋ አድርጋ «ስለት የሰው ነገር አይደለም» አለች። «አንቺን ሰጥቶኛል። ቃሌን አጥፌበት ቢወስድሽስ?» ፍርሃቷ የእውነት ነበር። ለሜሳ ሐኪሟ ያለችውን ደገመላት። እሷም «ሐኪሟ ስለት አልተሳለችም» አለችው። ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ ልቤ ተራራው ላይ ነበር። መሄድ ፈልጌ ነበር። ለእናቴ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት የሳቁብኝን ቀድሜ ልደርስ እፈልግ ነበር።

በዋዜማው ጊንጪ ዘመድ ቤት አደርን። የምትወደኝ የአጎቴ ሚስት የሠራችውን፣ ጨው የማይቆጠርበትን ወጥ እስክጠግብ በላሁ። ፉሮሰማይዱን ከቀትር ጀምሮ አልወሰድኩም፤ የወሰደ ሰው ያውቀዋል፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣቦ ሽንት መያዝ ምን እንደሆነ። በማግስቱ ጠዋትም አልወሰድኩም። ቅዳሴ እስኪያልቅ አፍ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ኪኒን በውኃ ነው የሚዋጠው፣ ውኃ ደግሞ ጾም ይፈታል። ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት ተራራ ላይ ደግሞ ሴት ልጅ የት ሄዳ ትሸናለች? ስንቶቻችን እንዲህ ብለን እንደምናስብ አውቃለሁ። ኪኒኖቹ ሁለቱም ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።

ደኑን አለፍን። አቀበቱ ጀመረ። ከመሐል በላይ ስንደርስ ከፊት ነበርኩ። ከዚያ ልቤ ሥርዓቷን አጣች። ቆምኩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሳልኩ። እንደገና ሳልኩ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ሳነሳው ሮዝ አረፋ ነበረበት። ደረቴ ይንተከተካል። ውኃ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፤ ውኃው ግን ከውስጤ ነው። እናቴ «ሚካኤል! ሚካኤል!» ትላለች። ከላይ ከበሮ ይሰማል። ሰዎች ሊያጋድሙኝ ትከሻዬን ያዙ። ተነሣሁባቸው። እንደገና ያዙኝ። መታኋቸው። መናገር አልችልም። ሰው ሁሉ «ያዟት፣ ተለክፋለች» ይላል።

ለሜሳ ከኋላ ሲሮጥ መጣ። «አታስተኟት!» ብሎ ሲጮህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። የሐኪሟን ቃል ይዞት ነበር። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር አላቸውና አንዱ ወጣት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጦ የላስቲክ ወንበር ይዞ ወረደ። ከአጥር ሁለት አጣና ነቀሉ። የአካባቢው ሰዎች በሽተኛ ሲያወርዱ ቃሬዛ የሚያስሩበትን ገመድና ጋቢ ወንበሩን ከአጣናው ጋር ለማሰር ተጠቀሙበት። አስቀመጡኝ። እግሬ ተንጠለጠለ። አራት ሆነው አነሡኝ። ሲደክማቸው ሌሎች አራት ይገባሉ፣ ማንም ማንንም አልጠራም። አንዱ ጆሮዬ ሥር «ጀባዹ፣ አይዞሽ፣ ጀባዹ» ይለኛል። ከዚያ በላይ የማስታውሰው የለም።

ጊንጪ ላይ ኦክስጅን ተደረገልኝ። ፉሮሰማይዱ በደም ሥር ተሰጠኝ። አረፋው ቆመ። ሽንት መጣ። አንድ ነርስ «ሳንባሽ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ተቀምጠሽ ባትመጪ ኖሮ አትደርሺም» አለኝ። ለሜሳ ኮሪደር ላይ ቆሞ አለቀሰ። እናቴ አላለቀሰችም። የአልጋዬ ግርጌ ተቀምጣ እግሬን ይዛ ነበር፤ ስለቱ ያለባቸውን ሁለቱን እግሮች።

መንገዱ በተከፈተ ጊዜ አዲስ አበባ ገባሁ። ፊኛውን የሚያስገቡት ሐኪም ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ ቀልድ ይወዳሉ። አውራ ጣታቸውንና ጠቋሚ ጣታቸውን ገጥመው ክብ ሠሩና «የተፈጥሮው በር ይህን ያህል ነው። ያንቺ እርሳስ ቢያሳልፍ ነው» አሉኝ። በብሽሽቴ በኩል ባለው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ በማደንዘዣ አላስተኙኝም፣ ስክሪኑን እያየሁ ነበር። ቱቦው ልቤ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ ሲነፋ የልብ ምቴ ለአፍታ ቀረ። ለአፍታ ብቻ። ከዚያ መጣ፣ ሌላ ሆኖ መጣ። ተጋድሜ ነበር፤ ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ አየሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ታች ድረስ ወረደ። ከአንድ ዓመት በላይ ያልደረሰበት ቦታ ደረሰ። «ምን ተሰማሽ?» አሉኝ ሐኪሙ። «ሊያስሮጠኝ ነው» አልኳቸው። «አትሮጪም። ጠባሳው አልጠፋም፣ በሩን ነው የከፈትነው። መርፌሽን ለብዙ ዓመት ትወጊያለሽ፣ ኪኒንሽን ትውጫለሽ፣ ሌላ ልጅ ከፈለግሽ ሳታማክሪን እንዳታስቢው» አሉ። አንዲት ልጅ ስላለችን ይኸኛው ብዙም አላስጨነቀኝም፤ የጨነቀኝ አለመሮጡ ነው።

ያገገምኩት እናቴ ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ አሁንም ድረስ አምቦን በድሮ ስሟ ሀገረ ሕይወት ብላ የምትጠራ፣ በቤቷ የሚታዘዛት እንጂ የሚከራከራት የማትወድ ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ ከአልጋ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ እየተመላለስኩ ጠዋቱን ከቀኑ፣ ቀኑን ከማታው ጋር የማጋጭ በሽተኛ ነበርኩ፤ እንዴት እንደቻልን አላውቅም። በግቢያችን ያሉትን ሁለት ክፍሎች ከሕንድ የመጡ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምሩ ዶክተር ማኖጅ የሚባሉ ሰው ከባለቤታቸው ጋር ተከራይተው ነበር። በየማታው ከሥራ ሲመለሱ በረንዳዬ ላይ ጥቂት ይቀመጣሉ። በእንግሊዝኛ እናወራለን፤ እናቴ ደግሞ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለች ታስተረጉመኛለች።

አንድ ማታ ከተራራው እንዴት እንደወረድኩ ነገርኳቸው። ወንበሩ ላይ ስደርስ ሰውየው ቀና አሉ። «አባቴን በወንበር ነው ያወጣነው» አሉ። በሀገራቸው በሰሜን በኩል ትልቅ ተራራ አለ፣ እላዩ ላይ ዋሻ፣ ዋሻው ውስጥ እናት ብለው የሚጠሯት አምላካቸው መቅደስ። አባታቸው ልባቸውን ከታመሙ በኋላ በእግሬ ወጥቼ አመሰግንሻለሁ ብለው ተስለው ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ፣ ወንድሞቻቸው፣ ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸው ተያይዘው ሄዱ። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ጥቂት ደረጃ ወጡና ተቀመጡ። እዚያ በወንበር ላይ በአራት ሰው አሸክሞ ማውጣት የተለመደ ሥራ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ግርጌው ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ልጆቹ አባታቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። «አባቴ እንደ አንቺ ናቸው፣ ቁጭ ማለት አይሆንላቸውም» አሉኝ ዶክተር ማኖጅ። «አፍረው ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው ነበር። በየመታጠፊያው ‹አውርዱኝ› ይላሉ። ተሸካሚዎቹ ‹አባባ፣ ከተነቃነቁ ሁላችንም እንወድቃለን› ይሏቸዋል።»

ስልካቸውን አውጥተው ፎቶዎቹን አሳዩን። ቀይ ጨርቅ ግንባራቸው ላይ ያሰሩ ብዙ ሰዎች፣ ሽንቁር የበዛበት ደመና፣ መሐላቸው ላይ ሻርፑን ገልጠው እንደ ልጅ የሚስቁ ሽማግሌ። እናቴ «መነጽሬን አምጡልኝ» አለች። ፎቶውን አቅርባ፣ አርቃ፣ እንደገና አቅርባ አየችው።

«ስለቱስ? ደረሰላቸው?» አለች።

ተረጎምኩ። «እማማ፣ ላይ ስንደርስ ማንም በስንት እግር መጣህ ብሎ አልጠየቃቸውም» አሉ።

«የእነሱ ሌላ ነው፣ የእኔ ሚካኤል ነው» አለች እናቴ ወደ እኔ ዞራ። ይህን አልተረጎምኩም። ግን ስልኩን አልመለሰችም። ቆይታ «እናት ነው ያሉት? እናት ነው የሚሏት?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። «እናትማ እንዴት ልጇን በወንበር መጣ ብላ ትመልሰዋለች» አለች፤ ከዚያ ይህን በማለቷ ተቆጣችና ወደ ቤት ገባች።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ፤ ከእሷ ጋር መሄድ ፈልጌ ሳይሆን ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው አወራችላቸው፤ እብጠቱን፣ ስለቱን፣ ቫልቩን፣ ወንበሩን። ሕንዱንም አልተወችም። መምሬ እስክትጨርስ ጠበቁ።

«ስለቱን የተሳለው ማን ነው?» አሏት።

«እኔ።»

«ልጅቱስ ያኔ ለራሷ የምትሳልበት አፍ ነበራት?»

«በሕፃንነቷ ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያው እሷ ምንም አልተሳለችም። የተሳልሽው አንቺ ነሽ። በእሷ እግር መሳልሽ ስሕተት ነው፣ ሰው በሌላ ሰው እግር አይሳልም። ታማ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቷን በጠዋት ትውሰድ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም።»

እናቴ ጉልበቷን አሻሸች። የእናቴ ጉልበት ካረጀ ቆይቷል፤ ከጥቂት ዓመት ወዲህ ተራራውን የምትወጣው በበቅሎ ነበር።

በሚቀጥለው ኅዳር በበቅሎ አልወጣችም። እኔ ቁርሴን በልቼ፣ ፉሮሰማይዴን ውጬ፣ የደኑ ጥግ አይሱዙው ከቆመበት ቀረሁ። ለሜሳ ከእሷ ጋር ሄደ፤ ክንዱን ስትገፋው ከሩቅ አይቻታለሁ። ያን ቀን ነው የአስታማሚን ነገር የተረዳሁት። በበሽታዬ ጊዜ ቁጭ ማለት ያቃተኝ ትንፋሽ አጥቼ ነበር፤ አሁን ትንፋሹ ሞልቶ ነው ቁጭ ማለት ያቃተኝ። ከመኪናው ወርጄ ዞርኩ። ስልክ ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም። ወደ አቀበቱ ጥቂት ሄድኩና በራሴ ተናድጄ ተመለስኩ። ከበሮው ሲሰማ ደርሳለች አልኩ፤ ከዚያ ብትደርስ ኖሮ ቶሎ ትመለስ ነበር አልኩ። ወድቃ ይሆን? የእሷን ልብ ደግሞ ማነው ያዳመጠው? እኔ ቀድሜ ስወጣ በየዓመቱ እናቴ ከኋላዬ እንዲህ ሆና ትከተለኝ እንደነበር አስቤ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወረደች። በአንድ ወገን ለሜሳን፣ በሌላ ወገን አንድ የማላውቀውን ገበሬ ይዛለች፤ ነጠላዋ አፈር በአፈር ነው። አጠገቤ ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች።

«ነገርኩት» አለች።

«ምን አልሽው?»

«እሷ ልጅ ነበረች፣ የተሳልኩት እኔ ነኝ፣ ከዛሬ ወዲያ የምመጣው እኔ ነኝ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል፣ ዝም አለ። ዝም ካለ እሺ ማለቱ ነው።» ከዚያ እግሯን ዘርግታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልቀመሰችውን ውኃ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። በየወሩ ጤና ጣቢያ ሄጄ መርፌዬን እወጋለሁ፤ ያማል፣ ጭኔን እያሻሸሁ ክፍል እገባለሁ፣ ተማሪዎቼ ምክንያቱን ያውቃሉ። ኢኮ በየጊዜው እታያለሁ። ደረጃ እወጣለሁ፣ ጉደር ድረስ ሄጄ አማቶቼን እጠይቃለሁ፣ በአንድ ትራስ እተኛለሁ። ለሜሳ ትራሱ ተመልሶለታል። ዶክተር ማኖጅ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ፤ እናቴ በየበዓሉ «ያ ሰውዬ ደህና ነው? አባቱስ?» ትላለች።

ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ እያለሁ እናቴ ደወለች። በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ልጄ ሲፈን አያቷ ዘንድ ውላ ነበር።

«ሲፈን ጉሮሮዋን አማት፣ ትኩሳትም አላት» አለችኝ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። «የት ናችሁ?»

«ጤና ጣቢያ። ሐኪሙ አይቷታል፣ መድኃኒት ሰጣት። እስከ መጨረሻው እንድትጨርስ ብሏል፣ እኔ ራሴ ነኝ የማስውጣት።»

እናቴ በሕይወቷ ከስለት በፊት ጤና ጣቢያ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። አላመንኳትም። «ተስለሻል?» አልኳት።

«ተስያለሁ እንጂ! ምን ነካሽ!» አለች። «በእኔ እግር ነው ግን።»

የክፍሉ ልጆች መምህራቸው ለምን እንደምታለቅስ አልገባቸውም። ሲፈን በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሣች፤ መድኃኒቱን ግን እናቴ እስከ መጨረሻው አስዋጠቻት፣ ድናለች ብሎ የተከራከራትን ሁሉ እየተቆጣች።

ማመስገን ያለብኝ ብዙ ነው። ዓይኗን ጨፍና ያዳመጠችኝን ሐኪም፣ ፊኛውን ያስገቡትን ሰው፣ ስማቸውን ሳልጠይቅ ከተራራ ያወረዱኝን የዚያ አገር ሰዎች፣ «አታስተኟት» ብሎ የጮኸውን ባለቤቴን፣ በእርጅናዋ የማታውቀውን ነገር የተማረችውን እናቴን። እንደ እኔ ላላችሁ የምለው ይህ ነው፦ ሲጋደሙ የሚያስልና ትራስ የሚያስጨምር ትንፋሽ ማጠር ካለባችሁ፣ ልባችሁን የሚያዳምጥ ሐኪም እስክታገኙ አትረፉ። መርፌያችሁን አታሳልፉ። በንግሥም ቀን፣ በመንገድም ቀን ኪኒናችሁን ዋጡ፤ ሽንት ቤት የት እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያፈነውን ሰው አታስተኙ፣ አስቀምጡት። ጉሮሮውን ያመመው ልጅ መገጣጠሚያው እስኪያብጥ አትጠብቁ። ለልጃችሁ ለመሳል የምትፈልጉ እናቶች፣ ተሳሉ፣ እኔ ማን ነኝ የምከለክላችሁ፤ ግን በገዛ እግራችሁ ተሳሉ፣ ልጁንም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።